ቁናው የማን ነው? የመንግሥታት ፉክክርና የሸቀጥ ደረጃ

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ገበያ የቆየ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ በቀድሞ ጊዜ እህል ሊገዛ የመጣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ አስቀድሞ አንድ ነገር ያጣራ ነበር፤ ይኸውም የሚሰፈረው በየትኛው ቁና እንደ ሆነ ነው። ቁና ሁሉ በስሙ ቁና ይባል እንጂ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ጋር እኩል አልነበረም። በዋጋ ተከራክሮ የረታ የመሰለው ገዢ በቁናው ተረትቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነበር። አባቶች «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ፤ ነጋዴን የሚያስቸግረው ግን ራሱ ባልሰፈረበት ቁና መሰፈሩ ነው።

ዛሬ እህሉም ስኳሩም በኪሎ ይመዘናል። ይሁን እንጂ የቁናው ጥያቄ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቀረም። በመሐል ሜዳ ሱቅ የሚሸጠው የስልክ ቻርጀር ጫፍ፥ በጅቡቲ በኩል የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ፥ ከመንዝ ገደል ሥር በይፋት ቆላ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ የምልክት ሥርዓት፥ ከዓለም ከተማ ገበያ የተሰበሰበው ቆዳ ተለፍቶ ሲያልቅ በውስጡ ሊገኝ የሚፈቀደው የክሮም መጠን፥ እነዚህ ሁሉ ልክ የተቈረጠላቸው ናቸው። ልኩን የቈረጠው ግን መንዝ አይደለም፤ አዲስ አበባም አይደለም። አብዛኛው የተቈረጠው በብራስልስና በጄኔቫ ሲሆን፥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በቤይጂንግ ነው።

ይህን ልክ በአገራችን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ደረጃ» እንለዋለን። ደረጃን የሚያወጡት መሐንዲሶችና የሳይንስ ሊቃውንት ስለ ሆኑ ብዙ ሰው ነገሩን ከፖለቲካ የራቀ አድርጎ ይመለከተዋል። እርግጥ ነው፥ በጉባኤው ላይ ተቀምጠው ስለ ሚሊ ሜትርና ስለ ቮልት የሚከራከሩት ሊቃውንቱ ናቸው፤ ነገር ግን ሊቃውንቱን የሚልካቸው መንግሥታቸውና ፋብሪካቸው ነው። አንድ አገር የራሱን ልክ የዓለም ልክ ካደረገ ፋብሪካው ሳይለወጥ ለዓለም ይሸጣል፤ ሌላው ግን መሣሪያውን ለውጦ፥ ፈቃድ ጠይቆ፥ ለባለ ፈጠራው ክፍያ ከፍሎ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ መንግሥታት ወዳጅና ጠላት ሲለዋወጡ ደረጃዎችም አብረው ይለዋወጣሉ፤ ሒሳቡም ዞሮ ዞሮ በገዢው ላይ ይወድቃል።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፥ በፈረንሳይ ገንዘብ የተሠራው ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1 ሜትር ስፋት ያለው ሆነ። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ጣሊያኖች ከምፅዋ ተነሥተው በ1911 አስመራ ያደረሱት ሐዲድ ግን 950 ሚሊ ሜትር ነበር። እንግሊዞች በሱዳን የዘረጉት ደግሞ 1067 ሚሊ ሜትር ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በፈረንሳዩና በጣሊያኑ መካከል ያለው ልዩነት 50 ሚሊ ሜትር፥ ማለትም ከሦስት ጣት የማይበልጥ ነው። ይህ የጣት ልዩነት ግን የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ላይ ፈጽሞ እንዳይሄድ ለማድረግ በቂ ነበር። እነዚሁ ሦስት መንግሥታት በ1906 በለንደን ተስማምተው በኢትዮጵያ ላይ የባቡር መንገድ ክልል ሲከፋፈሉ የአገሩን ባለቤት ፈቃድ አልጠየቁም። ሦስቱ ሐዲዶች እስከ መጨረሻው ሳይገናኙ ቀሩ፤ ቢገናኙም ኖሮ ዕቃው ከፉርጎ ወደ ፉርጎ በሰው ጫንቃ መዛወሩ አይቀርም ነበር።

አሁን ከመቶ ዓመት በኋላ ያለውን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰውና 750 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ ከብድሩም ትልቁን ክፍል የሰጠው የቻይና ኤክሲም ባንክ ነው፤ ደረጃውም የቻይና ነው። ከዚህ መስመር አዋሽ ላይ ተገንጥሎ በይፋት ቆላ በኩል ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐራ ገበያ የሚወጣው ሌላው መስመር ግን የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ ሥራ ነው፤ ግንባታውም በ2015 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ገንዘቡ የመጣው ከቱርክ ኤክሲም ባንክና በክሬዲ ስዊስ አስተባባሪነት ከተሰበሰበ የአውሮፓ ብድር ስለ ነበረ ደረጃውም የአውሮፓ ሆነ። ከሐራ ገበያ ወደ ሰሜን ወደ መቀሌ እንዲቀጥል የታሰበው ክፍል እንደ ገና ለቻይና ኩባንያ ተሰጠ። እንግዲህ አንዱ መንገድ በወረቀት ላይ ሲታይ ከታች ቻይና፥ ከመካከል አውሮፓ፥ ከላይ ቻይና ነው ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የሐዲዱ ስፋት አላጣላም፤ ሁለቱም 1435 ሚሊ ሜትር ናቸው። የኤሌክትሪኩም ኃይል 25 ሺህ ቮልት በመሆኑ አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በማይታየው ላይ ነው። የአውሮፓው መስመር «ኢ.ቲ.ሲ.ኤስ.» በሚባለው የምልክት ሥርዓት እንዲሠራ የታቀደ ነው፤ በዚህ ሥርዓት ከሐዲዱ መካከል የተተከለች መሣሪያ በላይዋ ለሚያልፈው ባቡር የሚፈቀድለትን ፍጥነትና ርቀት ትነግረዋለች፤ ነጂው ቢዘነጋ እንኳ ባቡሩ በራሱ ፍሬን ይይዛል። አውሮፓውያን ይህን ያወጡት በየአገሩ ከ20 የሚበልጥ ልዩ ልዩ የምልክት ሥርዓት ስለ ነበራቸውና ድንበር የሚሻገር ባቡር የየአገሩን መሣሪያ እየደረበ መሸከም ስለ ነበረበት ነው። ቋንቋዋን የማያውቅ የባቡር ራስ ግን በመሣሪያዋ ላይ ቢያልፍም የምትነግረውን አይሰማም። ስለዚህ ሁለት የምልክት ቋንቋ በሚገናኝበት ጣቢያ ወይ የባቡሩ ራስ ይለወጣል፥ ወይ ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ መሣሪያ ተገዝቶ ይገጠምለታል። ይህን የሚከፍለው ማን ነው ቢባል መጀመሪያ የባቡር ድርጅቱ፥ ቀጥሎ ጭነቱን የላከው ነጋዴ ነው።

ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ የሚነሣ ጭነት ዛሬ በመዘዞ በኩል ጣርማ በር ደርሶ ነው ወደ ዋናው መንገድ የሚገባው። ከግሼና ከጌራ ምድር ገደል ላይ ቆሞ ቆላውን የሚያይ ሰው ግን የባቡሩ መስመር በአሞራ በረራ ቢለካ ከአዲስ አበባ ይልቅ እጅግ ለእርሱ የቀረበ መሆኑን ይረዳል። መስመሩ በ2021 እ.ኤ.አ. በነበረው ጦርነት ጉዳት ደርሶበታል። እኛ የምንለው፥ የጥገናው ጉዳይ በሚነገርበት ሸንጎ ሁሉ የአዋሹ መጋጠሚያ ነገር አብሮ መነሣት አለበት ነው። የመንዝ በግና ምስር በአንድ ፉርጎ ጅቡቲ መድረስና አለመድረሱ የሚወሰነው በዚያ ነውና።

እዚህ ላይ አንባቢ፥ አውሮፓ ራሷ በውስጧ አንድ ልብ ናት ብሎ እንዳያስብ ስለ መኪና ስፒና የሆነውን እናውጋ። (ስፒና የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ዕቃውን ያመጣ ስሙንም ይዞ ይመጣል።) የኤሌክትሪክ መኪና ሊስፋፋ በተቃረበበት ጊዜ ጀርመኖች መኔከስ በሚባለው ኩባንያ የተሠራውን ሰባት ቀዳዳ ያለው ስፒና ደገፉ። የፈረንሳዮቹ ሽናይደርና ለግራንድ ከጣሊያኑ ስካሜ ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ማኅበር ፈጥረው ሌላ ስፒና አቀረቡ፤ የእኛው ለልጆች እጅ አደጋ የሌለበት ነው ሲሉም ተከራከሩ። ክርክሩ ከቆየ በኋላ የአውሮፓ ኮሚሲዮን በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ለጀርመኑ ፈረደ። በፈረንሳይ አገር የተተከለው መሙያ ሁሉ ቀስ በቀስ መለወጥ ግድ ሆነበት። በ2014 የወጣው መመሪያም በፍጥነት ለሚሞላው ኃይል «ሲ.ሲ.ኤስ. 2» የሚባለውን በመላው የኅብረቱ ግዛት ደነገገ። ጃፓኖች «ቻዴሞ» የሚባል የራሳቸው አላቸው። ቻይናም ጠብቃ አልተቀመጠችም፤ በ2011 አውጥታ በ2015 ያሻሻለችው «ጂ.ቢ./ቲ.» የሚባል ብሔራዊ ደረጃ አላት።

ከዚያ ወዲህ የዓለም ፖለቲካ እየከረረ በመሄዱ የአውሮፓ መንግሥታት ደረጃን እንደ ድንበር ይጠብቁት ጀመር። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ኮሚሲዮኑ ስለ ደረጃ ምደባ ባወጣው ስልት፥ በአውሮፓ የደረጃ ድርጅቶች ውስጥ የውጭ አገር ትላልቅ ኩባንያዎች ድምፅ እጅግ በዝቷል አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻም ሕጉ ተሻሽሎ፥ ኮሚሲዮኑ በሚያዝዛቸው ደረጃዎች ላይ የመወሰን ድምፅ የአባል አገሮች ብሔራዊ የደረጃ መሥሪያ ቤቶች እንዲሆን ተደረገ። በዚሁ በ2022 በመስከረም ወር፥ በጄኔቫ የሚገኘው የዓለም ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ዋና ጸሐፊውን ለመምረጥ በቡካሬስት ሲሰበሰብ አሜሪካዊቷ ዶሪን ቦግዳን-ማርቲን 139 ድምፅ አግኝተው 25 ድምፅ ያገኙትን ሩሲያዊ አሸነፉ። ከእርሳቸው በፊት በወንበሩ ላይ የነበሩት ቻይናዊው ዣዎ ሁሊን ነበሩ። ኢትዮጵያ ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል የሆነችበት ኅብረት ነው፤ ስለ ገመድና ስለ ሞገድ የሚመክር የሊቃውንት ቤት ቢሆንም ምርጫው እንደ መንግሥታት ፍልሚያ ታይቷል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስረዳው የኤሌክትሪኩ ነገር ነው። የሩሲያም የአውሮፓም ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው፤ በቁጥር ልዩነት የለውም። ነገር ግን ሁለት መረቦች እንዲገናኙ ትርታቸው በአንድነት መምታት አለበት፤ ትርታውንም የሚያስተካክለው ማእከል የአንዱ ወገን ነው። ሩሲያ በየካቲት 2022 ዩክሬንን በወረረች በሦስት ሳምንት ውስጥ፥ ማለት መጋቢት 16 ቀን፥ የዩክሬንና የሞልዶቫ መረብ ከአውሮፓ ጋር ተያያዘ። ዓመታት ይፈጃል ተብሎ የታሰበ ሥራ ነበረ። ኤስቶኒያ፥ ላትቪያና ሊቱዌኒያም በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ከሩሲያ መረብ ተለይተው በማግሥቱ ወደ አውሮፓው ገቡ። ከ1520 ሚሊ ሜትሩ የሩሲያ ሐዲድ ለመላቀቅም ባለ 1435 ሚሊ ሜትር አዲስ መስመር በመሥራት ላይ ናቸው።

ወደ ገበያችን እንመለስ። መንግሥታችን በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ነዳጅ ለመግዛት የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ የተወሰደ እርምጃ ነው። ከዚያ ወዲህ በብዛት የሚገቡት መኪናዎች በቻይና የተሠሩ ናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በአዲስ አበባ መንገድ የሚታየው የጀርመኑ የፎልክስቫገን ምልክት ያለበት የኤሌክትሪክ መኪና በብዛት በቻይና ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ጀርመን ሲሆን መሙያው «ጂ.ቢ./ቲ.» ነው። ስሙን አይቶ የአውሮፓ መሙያ የገዛ ሰው ገንዘቡን ያባክናል።

አንዳንድ ሻጮች «ምንም አይደለም፥ ማገናኛ አለው» ይላሉ። ነገሩን በጥቂቱ እንመርምረው። በቤት ኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ ለሚሞላው የቻይናውና የአውሮፓው ስፒና በዓይን ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ሰባት እግር ናቸው። ነገር ግን በአንዱ ሹል በሆነበት ቦታ ሌላው ቀዳዳ ነው። ለዚህ ማገናኛ መሥራት ይቻላል። በፍጥነት ለሚሞላው ግን ችግሩ የብረቱ ቅርጽ ብቻ አይደለም። መኪናውና መሙያው ኃይል ከመተላለፉ በፊት ይነጋገራሉ፤ ባትሪው ምን ያህል ቮልት እንደሚችል፥ መቼ እንደሚበቃው ይነግረዋል። የቻይናው በአንድ ዓይነት የመልእክት መስመር ሲነጋገር የአውሮፓው በሌላ ይነጋገራል። ስለዚህ የዚህ ማገናኛ ሥራ የአስተርጓሚ ሥራ ነው፤ ዋጋውም የዚያን ያህል ነው፤ ርካሽ ሆኖ የተገኘው ደግሞ ብዙ መቶ ቮልት የሚያልፍበት በመሆኑ ለሰውም ለባትሪም ያሰጋል።

ይህ ለደጋ ነጋዴ ከከተሜው ይልቅ ያስጨንቃል። በአዲስ አበባ አንዱ መሙያ ባይገጥም ሌላው ሰፈር ይኬዳል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር በኩል መንዝ የሚገባ መኪና ግን ዳገቱ ኃይሉን ይበላዋል፤ ብርዱም የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። በመንገድ ላይ የሚያገኘው ብቸኛ መሙያ የማይገጥመው ከሆነ መኪናው እስኪጎተት ቆሞ ይቀራል። እንግዲህ በየከተማው መሙያ ለመትከል የሚያስብ ባለ ሀብት ቢኖር፥ አንዱን ቋንቋ ብቻ ከሚያውቅ ይልቅ ሁለቱም ገመድ ያለውን መሣሪያ ቢያስመጣ ይመረጣል እንላለን። የአውሮፓ ኅብረት በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በቻይና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ላይ ከቀድሞው 10 በመቶ ቀረጥ በላይ እስከ 35 ነጥብ 3 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ቀረጥ ጥሏል። በር የተዘጋበት ፋብሪካ ሌላ በር ማንኳኳቱ የታወቀ ስለ ሆነ የቻይና ደረጃ በአፍሪካ ገበያ እየበዛ እንጂ እያነሰ እንደማይሄድ መገመት ይቻላል።

ለባለ ሱቆች ከመኪናው ይልቅ የሚቀርበው የስልክ ቻርጀር ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱ ጫፍ ነበረው፤ ባለ ሱቁም ወፍራሙን፥ ቀጭኑን፥ ጠፍጣፋውን ሁሉ በግድግዳው ላይ ይሰቅል ነበር። የአውሮፓ ኮሚሲዮን በ2009 እ.ኤ.አ. ኩባንያዎቹን በፈቃደኝነት አስማምቶ ነበር፤ አንዱ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ ግን በራሱ መንገድ ቀጠለ። በ2022 የወጣው መመሪያ ግን ልመና አይደለም። ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች ለገበያ የሚቀርብ ስልክ፥ ታብሌትና የጆሮ ማዳመጫ ሁሉ ባለ «ታይፕ ሲ» እንዲሆን ታዘዘ፤ ለላፕቶፕ የተቈረጠው ቀን ሚያዝያ 28 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ነው። ኮሚሲዮኑ በየዓመቱ 11 ሺህ ቶን የቻርጀር ቁሻሻ ይጣላል የሚል ምክንያት ሰጠ። አፕል ገና ቀኑ ሳይደርስ በመስከረም 2023 አይፎን 15ን በዚሁ ጫፍ አወጣ። ስልኩን ለአውሮፓ ብቻ ለይቶ መሥራት ስለማያዋጣ ትእዛዙ ሳይደርስብን ዕቃው ደረሰብን። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ምሁር አኑ ብራድፎርድ ይህን ኃይል «የብራስልስ ውጤት» ብለው ሰይመውታል፤ አውሮፓ ወታደር ሳትልክ ሕጓን በገበያዋ ስፋት ወደ ሌላው አገር ታደርሳለች ማለት ነው።

ባለ ሱቆች እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛው፥ በአውሮፓ መሸጥ የተከለከለው አሮጌ ዐይነት ዕቃ አይቃጠልም፤ ይረክስና ወደ እኛ ወደ መሰሉ ገበያዎች ይመጣል። መርካቶ በርካሽ የተገኘ ካርቶን ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፈላጊ የሚያጣውን ጫፍ በጅምላ መያዝ ኪሳራ ነው። ይሁንና በገጠሩ ብዙ ሰው ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሚይዝ አሮጌውን ዐይነት በአንድ ጊዜ መጣልም አይገባም፤ ጥቂት ጥቂት እየያዙ መሸጥ ነው። ሁለተኛው፥ ጫፉ አንድ ሆነ ማለት ኃይሉ አንድ ሆነ ማለት አይደለም። የአውሮፓው መመሪያ ሻጩ ስልኩ የሚፈልገውን ትንሹንና ትልቁን ዋት በካርቶኑ ላይ እንዲጽፍ የሚያስገድደው ስለዚህ ነው። የእኛም ደንበኛ «ይገጥማል ግን አይሞላም» ብሎ ዕቃ መመለሱ እንዳይበዛ ዋቱን አይቶ መሸጥ ይበጃል።

ስለ ቴሌኮሙኒኬሽን ብዙ አንልም፤ ጋዜጦች አትተውታል። የአውሮፓ ኅብረት በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ለአምስተኛው ትውልድ መረብ አደገኛ የሚባሉ አቅራቢዎችን ስለ መገደብ መመሪያ አወጣ፤ እንግሊዝም በዚያው ዓመት በሐምሌ የሁዋዌይ ዕቃ እስከ 2027 መጨረሻ ከመረቧ እንዲወጣ አዘዘች። የእኛ መረብ ግን በ2006 በዜድ.ቲ.ኢ.፥ ከ2013 ወዲህም በዜድ.ቲ.ኢ. እና በሁዋዌይ ብድርና ዕቃ የተስፋፋ ነው። በ2021 በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ላገኘው በሳፋሪኮም ለሚመራው ማኅበር የአሜሪካ መንግሥት የልማት ገንዘብ ድርጅት ብድር ሊሰጥ ሲያስብ፥ ገንዘቡ የቻይና ዕቃ እንዳይገዛበት የሚል ቃል እንደ ነበረበት በጊዜው ተዘግቧል።

ላኪዎች «ይህ ሁሉ የአስመጪ ነገር ነው» እንዳይሉ ስለ ቆዳ ጥቂት እንጨምር። በክሮም የተለፋ ቆዳ በውስጡ ያለው ክሮም ሦስተኛው ዐይነት ሲሆን ጉዳት አያመጣም፤ ነገር ግን በአለፋፉ ወይም በአቀማመጡ ጉድለት፥ በተለይም በሙቀትና በድርቀት፥ ወደ ስድስተኛው ዐይነት ሊለወጥ ይችላል፤ ይህም የሰውን ገላ ያሳክካል፥ ያቈስላል። በዴንማርክ ሐሳብ አቅራቢነት የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው ደንብ፥ ከግንቦት 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሰው ገላ ጋር በሚነካካ የቆዳ ዕቃ ውስጥ በ1 ኪሎ ግራም ደረቅ ክብደት ከ3 ሚሊ ግራም ያነሰ ብቻ እንዲፈቀድ ወስኗል። ይህን ደንብ ፖለቲካ ነው ብለን አናማውም፤ ጫማውን የሚያደርገውን ሰው ለመጠበቅ የወጣ ነው። ደንብ ሁሉ ተንኮል ነው የሚል ነጋዴ ሊታረም የሚገባውን የራሱን ዕቃ ሳያርም ይቀራል። የመንዝና የመርሐ ቤቴ ሰብሳቢ በክሮሙ ላይ ሥልጣን የለውም፤ በቢላዋ የተቈረጠውን፥ በእከክ የተበላሸውን፥ ጨው ያነሰውን ቆዳ ለይቶ የማውጣት ሥልጣን ግን አለው። የፋብሪካው የመጀመሪያ ምርመራም በዚህ ይጀምራል።

የደን ጭፍጨፋን ለመከልከል በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ደንብ ደግሞ ሌላ ነው። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ወዲህ ከተመነጠረ መሬት የመጣ ዕቃ አይግባ ይላል፤ ለዚህም የማሳው ቦታ በመሬት መለኪያ ቁጥር እንዲመዘገብ ያዝዛል። አሜሪካ፥ ብራዚልና ኢንዶኔዥያ አጥብቀው ስለ ተቃወሙት የሚጸናበት ቀን አንድ ጊዜ፥ ከዚያም ሁለተኛ ጊዜ ተገፍቶ፥ ለትላልቆቹና ለመካከለኞቹ ነጋዴዎች ወደ ታኅሣሥ 30 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ተላልፏል። ቡና በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ የቀንድ ከብትና ቆዳው አለ። በግ ግን የለም። ስለዚህ በግና የበግ ቆዳ የሚልክ የደጋ ነጋዴ «የማሳ ቁጥር አምጣ» ከሚባለው ነጻ ሲሆን፥ የበሬ ቆዳ የሚልከው ባልንጀራው ግን ከብቱ የዋለበትን የግጦሽ ቦታ እንዲያሳይ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለቱን ቆዳ በአንድ መጋዘን ቀላቅሎ የሚይዝ ሰብሳቢ ካለ መዝገቡን ከአሁኑ ቢለይ ይሻለዋል።

የአገራችን የደረጃ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። በ2003 ዓ.ም. ሥራው ተከፋፍሎ ደረጃ ማውጣቱ፥ ልኬቱ፥ ምርመራውና የምስክርነቱ ሥራ ለአራት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ተሰጠ። ደረጃ በሚወጣበት ጊዜ የዘርፉ ነጋዴዎች በኮሚቴ ተቀምጠው ሐሳብ እንዲሰጡ በሩ ክፍት ነው፤ በዚህ ወንበር ላይ ግን ከአምራችና ከመንግሥት ሠራተኛ ይልቅ ነጋዴው ሲገኝ አይታይም። የስፒናው ዐይነት፥ የመሙያው ቋንቋ፥ የቻርጀሩ ዋት የሚጻፍበት ወረቀት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስለሚያልፍ ምክር ቤቶች ተወካይ መላካቸው ከብዙ አቤቱታ ይቀላል።

እስከዚያው ድረስ አስመጪው በእጁ ያለው መሣሪያ ፕሮፎርማው ነው። «አንደኛ ደረጃ» ወይም «ጥራቱ የተጠበቀ» የሚል ቃል በፍርድ ቤትም በጉምሩክም ዋጋ የለውም። የደረጃው ስምና ቁጥር፥ የወጣበት ዓመት፥ የስፒናው ዐይነት፥ ቮልቱና ዋቱ፥ የምርመራ ወረቀቱን የሚሰጠው ድርጅት ስም፥ ዕቃው ሳይገጥም ቢቀር የመመለሻውን ኪራይ የሚችለው ወገን በግልጥ ይጻፍ። ከመርካቶ በጅምላ ገዝቶ ወደ ዓለም ከተማ፥ ወደ ራቤል ወይም ወደ መሐል ሜዳ የሚጭን ባለ ሱቅም ይህንኑ ከጅምላ ሻጩ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሊያስጽፍ ይችላል፤ የጭነት ኪራዩን ከፍሎ ከወጣ በኋላ ዕቃውን ለመመለስ ሁለተኛ ኪራይ የሚከፍለው እርሱ ነውና።